የሴት ልጅ ኃይልና የሸክም ልክ

በኮልፌ ቀራንዮ ሴት ልጅ ብረት ስታነሣ ብትታይ የሚያጉረመርሙ አይታጡም። ሸክም ግን ለእኅቶቻችን እንግዳ አይደለም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ያላነሰ ይመዝናል፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩት እናቶች ጀርባማ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ጭነት የለመደ ነበር። ይህን እያዩ ዝም ያሉ ሰዎች ብረቱን መንቀፋቸው ይደንቀናል። መጽሐፈ ምሳሌ በመጨረሻው ምዕራፍ ያመሰገናት ባለሙያ ሴትም ክንደ ብርቱ እንደ ነበረች አንባብያን ያስታውሳሉ።

ልዩነቱ በልኩ ላይ ነው። የእንጨቱ ሸክም ወገብን አጉብጦ፣ ያለ ዕረፍትና ያለ በቂ ምግብ በየዕለቱ ስለሚደገም አካልን ይጎዳል። ብረቱ ግን ጀርባ ቀጥ ብሎ፣ ከቀላል ተጀምሮ ጥቂት በጥቂት እየከበደ፣ በመካከሉም ዕረፍት እየተደረገ ሲነሣ ጡንቻንና አጥንትን ያጠነክራል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሴት አጥንት ፈጥኖ ይሳሳልና፣ ጥቅሙ ይልቁንም በዕድሜ ለገፉት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን እንዲደረግ መክሯል። ሰውነቷ እንደ ወንድ ይገዝፋል የሚለው ሥጋት ከንቱ ነው፤ ጡንቻን የሚያገዝፈው ሆርሞን በሴት አካል እጅግ ጥቂት ነውና።

በጾም ወራት ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ከገበታዋ አይጉደል። ጀማሪዋ ጀሪካኑን በግማሽ ሞልታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ወደ ሰውነቷ አስጠግታ 8 ጊዜ ታንሣ፤ ሲቀላት ውኃውን ትጨምር። ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ግን ሐኪም ሳታማክር አትጀምር።