በማን ቤት እንዳለ የሚያውቅ ከርነል

ኦቶና ሲባል የሶዶ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሆስፒታሉን ነው። ሚሲዮናውያን በ1920ዎቹ መጨረሻ ወላይታ ሲገቡ ጣቢያቸውን የተከሉባት ኦቶና ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መገኛ ናት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እንበልና እንዲህ ያለ ሆስፒታል የካርድ ክፍሉን መዝገብ፣ የላብራቶሪውን ውጤት፣ የፋርማሲውን ክምችትና ደመወዙን በኮምፒውተር ማድረግ ፈለገ። ለዚህ አራት ሰርቨር መግዛት አያስፈልገውም። አንድ ጠንካራ ሰርቨር ላይ አራቱም የየራሳቸውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይዘው ሊኖሩ ይችላሉ፤ የፋርማሲው ቢበላሽ ካርድ ክፍሉ ሥራውን አያቋርጥም። ይህን የሚያስተዳድረው ከሁሉም በታች፣ ከሃርድዌሩ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ ሃይፐርቫይዘር የሚባል ሶፍትዌር ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አይቢኤም በ1960ዎቹ በትልልቅ ማሽኖቹ ላይ ሠርቶበታል። ያስቸገረው እኛ የምናውቀው ተራ ኮምፒውተር ነው። ማንኛውም ከርነል፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ የተጻፈው ማሽኑን ብቻዬን አዛለሁ ብሎ ነው። በአንድ ፕሮሰሰር ላይ ሁለት ከርነሎች ሲቀመጡ ግን ሁለቱም የበላይ ሥልጣኑን ለሃይፐርቫይዘሩ መልቀቅ አለባቸው። ሥልጣን የለቀቀው ከርነል እንደ ልማዱ ሊያዝ ሲሞክር ፕሮሰሰሩ አስቁሞት ሃይፐርቫይዘሩን ቢጠራ ነገሩ በተቃና ነበር። የተራ ኮምፒውተሮቹ የኤክስ86 ፕሮሰሰሮች ግን ሁልጊዜ እንዲህ አያደርጉም ነበር። በ2000 የወጣ አንድ ጥናት፣ ሥልጣን የሚነኩ ሆነው ሳለ ፕሮሰሰሩ ዝም ብሎ የሚያሳልፋቸውን 17 ትእዛዞች ቆጥሯል። አንዱ ፖፕኤፍ ነው። ከርነሉ በእሱ አማካይነት ኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚያቋርጥበት ጥሪ) እንዲዘጋ ያዛል፤ ፕሮሰሰሩ አይዘጋም፣ አለመዝጋቱንም አይናገርም። ከርነሉ ተዘግቶልኛል ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ፕሮግራም የጻፈ ሁሉ የሚጠላው እንዲህ ያለውን ስሕተት ነው፤ ወዲያው የሚጮኸው ይታረማል፣ ይህኛው ግን ቆይቶ ሌላ ቦታ ላይ ይፈነዳል።

ቪኤምዌር በ1999 ያወጣው መፍትሔ ማታለል ነበር። የከርነሉን ኮድ በሥራ ላይ ሳለ እያነበበ አደገኞቹን ትእዛዞች በሌላ ይተካል፤ ከርነሉ ምንም ሳያውቅ ይኖራል። ድንቅ ምሕንድስና ነው፤ ግን ውስብስብ ነው፣ በአንዳንድ ሥራም ፍጥነት ያስከፍላል።

በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እነ ኢያን ፕራትና ኪር ፍሬዘር በ2003 ዜን የተባለውን ሃይፐርቫይዘር ይፋ ሲያደርጉ ተቃራኒውን መንገድ ያዙ፤ ለከርነሉ እውነቱን መንገር። ከአከራዩ ጋር በአንድ ግቢ የኖረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቆጣሪው የባለቤቱ ነው፤ መብራት ሲጠፋበት ተከራዩ ራሱ ቆጣሪውን አይነካካም፣ የአከራዩን በር ያንኳኳል። ከርነሉም እንዲሁ ነው፤ አደገኞቹ ትእዛዞች ከኮዱ ተነቅለው በቦታቸው ሃይፐርኮል፣ ማለትም ለሃይፐርቫይዘሩ የሚቀርብ ጥያቄ ይገባል። ፓራቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው ይህ ነው። ዋጋው የከርነሉን ምንጭ ኮድ መንካት ግድ ማለቱ ነው፤ ሆኖም ሊኑክስ ላይ የተቀየረው ወደ 3,000 መስመር ብቻ ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒንም ለማስማማት ተሞክሯል፤ ያ ሥራ ግን ለሕዝብ አልወጣም። ምንጭ ኮዱ ክፍት ያልሆነ ሶፍትዌር ላይ ይህ መንገድ ወዲያው ግድግዳ ይገጥመዋል።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ የሜሞሪው አያያዝ ነው። ከርነል የትኛው ፕሮግራም የትኛውን የሜሞሪ ገጽ እንደሚያይ የሚመዘግበው ፔጅ ቴብል በሚባል ሰንጠረዥ ነው። ሃይፐርቫይዘር ይህን ለመቆጣጠር ድብቅ ሁለተኛ ሰንጠረዥ መያዝ ይችላል፤ ያ ግን ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል። ዜን እውነተኛውን ሰንጠረዥ ለከርነሉ ያሳየዋል፤ ማንበብ ይችላል፣ መጻፍ ግን አይችልም። ለውጥ ሲፈልግ ጥያቄዎቹን ሰብስቦ በአንድ ሃይፐርኮል ያቀርባል፤ ዜንም የተጠየቀው ገጽ የጎረቤት ንብረት አለመሆኑን አረጋግጦ ይጽፍለታል። ከርነሉ ለገጾቹ ከሚጠቀምባቸው ተከታታይ ቁጥሮች ሌላ ትክክለኛ የማሽን ቁጥራቸውንም ያውቃል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ መዝገብም በእጁ አለ።

የዚህ ከርነል አነሣሥም ከተራ ኮምፒውተር የተለየ ነው። ላፕቶፓችሁ ሲበራ የኤክስ86 ፕሮሰሰር የ1978ቱን 8086 መስሎ በ16 ቢት ይነቃል፤ ወደ ዘመናዊው አሠራር የሚደርሰው በብዙ ደረጃ ነው። የፓራቨርቹዋል ከርነል ይህን ሁሉ ይዘለዋል፤ ባዮስም የለበትም። ዶሜን ዜሮ የተባለው ባለ መብት ሊኑክስ የከርነሉን ፋይል ከፍቶ መግቢያው የት እንደሆነ የሚናገሩትን ማስታወሻዎች ያነባል፣ ከርነሉን ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል፣ የመጀመሪያውን ፔጅ ቴብል አዘጋጅቶለት አንድ የመረጃ ገጽ ይሰጠዋል። ገጹ ላይ ስንት ሜሞሪ እንደተመደበለት፣ ኮንሶሉ የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ተጽፏል። ከርነሉ ሲነቃ የገጹ አድራሻ በአንድ የፕሮሰሰሩ ሬጂስተር ውስጥ ይጠብቀዋል። የኔትወርክ ካርድም ሆነ ዲስክ በቀጥታ አያይም፤ በእሱ በኩል ያለው ግማሽ ድራይቨር ዶሜን ዜሮ ውስጥ ካለው ግማሽ ጋር በጋራ ሜሞሪ ይለዋወጣል።

እንዲህ ያለ ከርነል መገንባት የሚፈራውን ያህል አይደለም። ከ2007ቱ የሊኑክስ 2.6.23 ጀምሮ የዜን ድጋፍ በዋናው ሊኑክስ ውስጥ አለ፤ ከርነሉን ኮምፓይል ስታደርጉ የዜን እንግዳ (በሃይፐርቫይዘሩ ላይ የሚኖር ሲስተም) ድጋፍን፣ የዲስኩንና የኔትወርኩን የፊት ድራይቨሮች መምረጥ ነው። ከዚያ ስሙን፣ ሜሞሪውን፣ ከርነሉንና ዲስኩን የሚገልጽ አጭር ፋይል ይበቃል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ኮንሶሉ ኤችቪሲ0 መሆኑን ለከርነሉ መንገር ሲረሳ ነው፤ ማሽኑ ተነሥቶ እየሠራ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ደግሞ ይህ ሁሉ የፕሮሰሰሩን የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፍ አይጠይቅም። ያ ድጋፍ በኢንቴል በ2005፣ በኤኤምዲ በ2006 የመጣ ነው፤ ዜን ግን ከዚያ በፊትም ይሠራ ነበር። ስለዚህ ድጋፉ የሌለው አሮጌ ማሽን፣ ወይም ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ የተጫነ ዜን ጭምር ለልምምድ ይሆናል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚማር የሶዶ ተማሪ ከዜን ጋር የሚመጣውን ሚኒ-ኦኤስ የተባለ ትንሽ ከርነል ቢያነብ፣ ከሊኑክስ ሚሊዮኖች መስመሮች የማያገኘውን ግልጽነት የሚያገኝ ይመስለኛል። የሃርድዌር ጣጣው ተነሥቶ ሜሞሪ፣ ሰዓትና ኢንተራፕት ብቻ ይቀራሉ።

ዜን ብዙም ሳይቆይ ወደ ገበያ ወጣ። ሰርቨር በኢንተርኔት የሚያከራየው የአማዞን ኢሲ2 በነሐሴ 2006 ለሙከራ ሲከፈት ከሥሩ የነበረው ዜን ነው፤ አገልግሎቱን የገነባው ቡድን ደግሞ በአህጉራችን፣ ኬፕታውን ይሠራ ነበር። ስለ ክላውድ ሲወራ ይህ ለምን እንደማይነሣ ይገርመኛል።

ኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ባለ 64 ቢቱ ኤክስ86 ዜን ራሱን ከከርነሉ ይከላከልባቸው የነበሩትን የሜሞሪ ሴግመንት ገደቦች ስለተወ ከርነሉና ፕሮግራሞቹ በአንድ የሥልጣን ደረጃ ላይ ለመኖር ተገደዱ፤ ፕሮግራም ከርነሉን በጠራ ቁጥር በዜን በኩል መዞር መጣ። በጥር 2018 ሜልትዳውን የተባለው የፕሮሰሰር ጉድለት ሲገለጥ ደግሞ ባለ 64 ቢት ፓራቨርቹዋል እንግዳ በኢንቴል ማሽን ላይ የሃይፐርቫይዘሩን ሜሞሪ ማንበብ እንደሚችል ታወቀ። ባለ 32 ቢቱ የፓራቨርቹዋል እንግዳ ድጋፍ በ2020 ከሊኑክስ ተነሣ።

የፊትና የኋላ ድራይቨሩ ሐሳብ ግን ቨርትአዮ በሚል ስም ኬቪኤም ወደተባለው ሌላ ሃይፐርቫይዘር ተሻግሯል፤ ፕሮሰሰሩ በሃርድዌር ይመሰላል፣ ዲስኩና ኔትወርኩ አሁንም እንግዳው እያወቀ ይሠራሉ። የተከራያችሁት የሊኑክስ ሰርቨር ካለ የዲስኩን ስም እዩት፦ ኤክስቪዲኤ ከሆነ ከታች ያለው ዜን ነው፣ ቪዲኤ ከሆነ ቨርትአዮ።