የተለመደ የደም ምርመራና ከመረጃ የሚማር ኮምፒዩተር በይፋት ቆላ

በአጣዬና በሸዋ ሮቢት ቆላ ክረምቱ ሲወጣ በትኩሳት የሚታመመው ሰው ይበዛል። አንዱ ወባ፣ ሌላው ግርሻ ወይም የአንጀት ተስቦ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም በትኩሳትና በራስ ምታት ስለሚጀምሩ በግምት የሚሰጥ መድኃኒት ሕመምተኛውን ለአደጋ ያጋልጣል።

የተለመደው የደም ሴሎች ቆጠራ ጥቆማ ይሰጣል። በወባ ፕላትሌት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በግርሻም ይቀንሳል። በባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነጭ የደም ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራሉ፤ በአንጀት ተስቦ ግን ላይጨምሩ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ማሽን ለርኒንግ የተባለው ስልት በሽታቸው የተረጋገጠ የብዙ ሕሙማንን ውጤቶች በአንድነት አገናዝቦ፣ የአዲሱ ሕመምተኛ ቁጥሮች ወደ የትኛው በሽታ እንደሚያደሉ ያመለክታል። በ2019 እ.ኤ.አ. የለንደን ተመራማሪዎች በስድስት የተለመዱ የደም ምርመራዎች ኢንፌክሽን ያለበትን ሕመምተኛ በዚህ ስልት መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ሆኖም በለንደን መዛግብት የተማረ ፕሮግራም ግርሻን አይቶ አያውቅም። ለይፋት የሚያገለግለው በማይክሮስኮፕ ከተረጋገጡ የቆላው መዛግብት የተማረ ብቻ ነው። ስሌቱ ማን አስቀድሞ ይመርመር የሚለውን ይጠቁማል፤ የወባንና የግርሻን ተሕዋሲያን ለዓይን የሚያሳየው ግን ዛሬም የደም ስላይድ ነው።