የብየዳ ቃላት በትርጉም ሚዛን፦ የኤሌክትሮድ ብየዳ መሣሪያን ለቲግ ብየዳ ስለ ማዋል

1. መነሻ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ ስንመልስ ብዙ ጊዜ በዐይነ ሕሊናችን የምናየው አንባቢ ተማሪ ነው። ተማሪ ቃሉ ባይገባው መምህሩን ይጠይቃል፤ በሥራ ቤት ያለ ለማጅም እንደዚሁ አለቃው በእጁ እያሳየ ያስረዳዋል። የተተረጐመ ማኑዋል ይዞ በግቢው ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ሰው ግን ከወረቀቱ በቀር የሚጠይቀው የለውም። ቃሉ ቢያሳስተው የሚያርመው ዕቃው ነው፤ የዕቃው እርማት ደግሞ በገንዘብ፣ አንዳንድ ጊዜም በሕይወት የሚከፈል ነው።

ይህን ለማስረዳት አንድ የታወቀ የቤት ውስጥ ሥራ መርጠናል፤ ይኸውም በተለምዶ የኤሌክትሮድ ብየዳ መሣሪያ የምንለውን ዕቃ ለቲግ ብየዳ ማዋል ነው። ሥራው በራሱ ረቂቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ቃል በቃል ቢተረጐሙ ሠራተኛውን ወደ ስሕተት የሚመሩ አራት ቃላት በውስጡ ይገኛሉ፦ «ኤሌክትሮድ»፣ «ፖላሪቲ»፣ «ኢነርት» እና «ግራውንድ»። የምንደግፈው ሐሳብ አጭር ነው፤ የሙያ ቃል የሚመዘነው የምንጩን ቃል በመምሰሉ ሳይሆን፣ ዕቃው የሚሠራውን ሥራ ለሠራተኛው በትክክል በመንገሩ ነው።

2. የሥራው ጠባይ

«በየደ» በአማርኛ ሰፊ ግሥ ነው። ራዲዮ ጠጋኝ ሽቦን በእርሳስ ሲያያይዝ ይበይዳል፤ በርና መስኮት ሠሪም ብረትን ከብረት ሲያያይዝ ይበይዳል። በመጀመሪያው ሥራ የሚቀልጠው ማያያዣው ብቻ ሲሆን፣ በሁለተኛው ግን የሚያያዙት ብረቶች ራሳቸው በጠርዛቸው ቀልጠው አንድ ይሆናሉ። በዚህ ጽሑፍ «ብየዳ» የምንለው ሁለተኛውን ነው።

በኤሌክትሮድ ብየዳ ልባስ ያለው የብረት ዘንግ በመያዣ ይያዝና በዘንጉ ጫፍና በሥራው ብረት መካከል አርክ ይነሣል። ዘንጉ እየቀለጠ መጋጠሚያውን ይሞላል፤ ልባሱም እየተቃጠለ አየር የሚከላከል ጋዝና በላዩ የሚረጋ ቅርፊት ይሰጣል። በቲግ ብየዳ ግን አርኩ የሚነሣው ከተንግስተን ዘንግ ጫፍ ነው። ተንግስተኑ መጋጠሚያውን አይሞላም፤ መሙያው ሽቦ በሌላው እጅ ለብቻው ይቀርባል፤ አየርን የሚከላከለውም ከቶርቹ የሚወጣ አርጎን ነው።

ቲግ የሚለው ስም «ተንግስተን ኢነርት ጋዝ» ከሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1941 በአሜሪካ በኖርዝሮፕ የአውሮፕላን ፋብሪካ ለሥራ ያበቃው ራስል ሜሬዲት ነው፤ ዓላማው ማግኒዝየምን መበየድ ስለ ነበረና የተጠቀመበትም ጋዝ ሄልየም ስለ ነበረ ዘዴው «ሄሊአርክ» ተባለ። ጀርመኖች ተንግስተንን ቮልፍራም ስለሚሉት ይህንኑ ዘዴ «ቪግ» ይሉታል። የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ደግሞ «የጋዝ ተንግስተን አርክ ብየዳ» በሚል ስም ያውቀዋል። ስሙ እንዲህ ከአገር አገር ቢለያይም፣ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አቆጣጠር ቲግ 141 ቁጥር፣ የኤሌክትሮድ ብየዳ 111 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ተርጓሚ ስሙ ሲያጠራጥረው ቁጥሩን ቢፈልግ ይጠቀማል፤ ቁጥር በትርጉም አይለወጥምና።

አንዱ መሣሪያ ለሁለቱም ሥራ የሚውለው በምን ምክንያት ነው? የበያጅ እጅ መንቀጥቀጡ፣ የአርኩም ርዝመት መለዋወጡ አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱም ዘዴዎች የአርኩ ርዝመት ቢለዋወጥም አምፔሩን ብዙ የማይለውጥ የኃይል ምንጭ ይፈልጋሉ። ልዩነቱ በቮልቴጁ ላይ ነው፤ በመደበኛው ስሌት 100 አምፔር ሲሠራበት የኤሌክትሮድ ብየዳ 24 ቮልት፣ ቲግ 14 ቮልት ይወስዳል። እንዲህ ያለውን ምንጭ አንዳንድ ተርጓሚ «ቋሚ ጅረት» ሊለው ይችላል። ነገር ግን ቃሉ «ቀጥተኛ ጅረት» ከሚባለው ጋር በቀላሉ ስለሚምታታ «አምፔር ጠባቂ ምንጭ» ቢባል እንመርጣለን።

ቀጥተኛ ጅረት የሚሰጥ ኢንቨርተር ላለው ሰው ሥራው ቀላል ነው። በእጀታው ላይ የጋዝ መክፈቻ ያለው ቶርች፣ የአርጎን ሲሊንደር፣ ከነፍሰት መለኪያው የግፊት መቀነሻ እና የተንግስተን ዘንግ ያስፈልጉታል። የጋዙ ቱቦ በመሣሪያው ውስጥ አያልፍም፤ ከግፊት መቀነሻው በቀጥታ ወደ ቶርቹ ይሄዳል። ተለዋዋጭ ጅረት ብቻ የሚሰጥ የቆየ ትራንስፎርመር ላለው ግን እንዲህ አይቀልም። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ጅረቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይነካል፤ በኤሌክትሮድ ብየዳ አርኩ እንዳይጠፋ የሚረዳው ልባሱ ነው፤ በቲግ ግን ልባስ የለም። ስለዚህ ወይ ጅረቱን በዳዮዶች ቀጥተኛ ማድረግ፣ ወይም አርኩን እየደጋገመ የሚያስነሣ የከፍተኛ ድግግሞሽ መሣሪያ መጨመር ግድ ይሆናል። አሉሚንየም ለመበየድ ለሚያስብ ደግሞ ቀጥተኛ ጅረት ብቻ የሚሰጠው ኢንቨርተር አይበቃውም። የአሉሚንየም የላይ ዝገት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲቀልጥ ከሥሩ ያለው ብረት በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ፣ ዝገቱን ለመግፈፍ በተለምዶ ተለዋዋጭ ጅረት ይፈለጋል።

ከዚህ የምንረዳው በመጀመሪያው ዐይነት ሥራ መሣሪያው ራሱ እንዳልተለወጠ ነው። የእንግሊዝኛውን «ኮንቨርት» በ«መለወጥ» ብንመልሰው አንባቢው ክዳኑን ፈትቶ ውስጡን መነካካት እንዳለበት ሊያስብ ይችላል። በኢንቨርተር ውስጥ ያሉ ካፓሲተሮች ደግሞ መሰኪያው ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዘው የሚቆዩ ናቸው። «ለቲግ ማዋል» የሚለው አነጋገር አደጋውን ያስቀራል፣ እውነቱንም ይናገራል።

3. «ኤሌክትሮድ»

በሥራ ቤት «ኤሌክትሮድ» ሲባል በፓኬት የሚገዛውና እየቀለጠ የሚያልቀው ዘንግ ነው። ማኑዋሉ የተንግስተኑንም ዘንግ «ኤሌክትሮድ» ሲለው፣ በልማድ የሚሠራው ሰው ተንግስተኑን እንደ ቀድሞው ወደ ቀለጠው ብረት ቢያስጠጋ አይፈረድበትም። ተንግስተኑ ብረቱን በነካ ጊዜ ግን ጫፉ ይበላሻል፤ መጋጠሚያውም በባዕድ ነገር ይቆሽሻል።

ስለዚህ መለያ ቅጽል ያስፈልጋል። «ቀላጭ» እና «የማይቀልጥ» የሚሉት በመጀመሪያ ሲታዩ ደስ ያሰኛሉ፤ ነገር ግን ተንግስተን በ3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ በተገላቢጦሽ ዋልታ ላይ ቢገባም ጫፉ ሲንጠባጠብ ይታያል። «የማይቀልጥ» የተባለ ዕቃ ሲቀልጥ ያየ አንባቢ መዝገበ ቃላቱን አያምንም። የተሻለው ቃል ከንብረት ክፍል ይገኛል። ግምጃ ቤቶቻችን ዕቃን «አላቂ» እና «ቋሚ» ብለው ሲለዩ ኖረዋል። ቋሚ ዕቃ አያረጅም ማለት አይደለም፤ በአገልግሎት ላይ ተበልቶ አያልቅም ማለት ነው። ተንግስተንም እንዲሁ ነው፤ እየተሳለ ያጥራል እንጂ መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ አያልቅም። ስለዚህ «አላቂ ኤሌክትሮድ» እና «ቋሚ ኤሌክትሮድ» እንዲባሉ እናሳስባለን።

ስለ ቋሚ ኤሌክትሮድ ሌላም የሚነገር አለ። በጫፉ ያለው ቀለም ጌጥ ሳይሆን ቃል ነው። ቀዩ 2 በመቶ ያህል ቶርየም፣ ግራጫው 2 በመቶ ያህል ሴርየም፣ ወርቃማው 1.5 በመቶ ያህል ላንታነም እንዳለበት ያመለክታል። ቶርየም ጨረር አመንጪ ስለ ሆነ ሲሳል የሚነሣው ብናኝ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። የቀለሙን ስም «ቀላ ያለ»፣ «ወርቅማ ቢጫ» እያለ በስሜት የሚያለዋውጥ ተርጓሚ ሳያውቀው ማስጠንቀቂያ ይሰርዛል።

4. «ፖላሪቲ»

በቆየው የአሜሪካኖች አጠራር ኤሌክትሮዱ ከአሉታዊው ዋልታ ጋር ሲገናኝ «ቀጥተኛ»፣ ከአዎንታዊው ጋር ሲገናኝ «ተገላቢጦሽ» ይባል ነበር። ይህን ወደ አማርኛ እንዳለ ማምጣት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ «ቀጥተኛ» የሚለው ቃል ለጅረቱ ዐይነት ተይዟል። ሁለተኛ፣ በኤሌክትሮድ ብየዳ አብዛኛው ቀጥተኛ ጅረት የሚጠቀም ሥራ የሚሠራው መያዣው በአዎንታዊው ላይ ሆኖ ነው። ለበያጁ የተለመደው፣ ማለት «ቀጥተኛው»፣ መጽሐፉ «ተገላቢጦሽ» የሚለው ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ አንባቢ «በቀጥተኛ ዋልታ አገናኝ» የሚል ቢያነብ እንደ ልማዱ ቶርቹን በአዎንታዊው ላይ ይሰካል።

ውጤቱ ወዲያው ይታያል። ብረት በቲግ ሲበየድ ቶርቹ ከአሉታዊው ዋልታ ጋር፣ ሥራው ከአዎንታዊው ጋር መገናኘት አለበት፤ ያን ጊዜ ከአርኩ ሙቀት ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው በሥራው ላይ ያርፋል። ቢገለበጥ ሙቀቱ በቀጭኑ ተንግስተን ላይ ይከማችና ያቀልጠዋል። የአሜሪካ ጸሐፊዎች ራሳቸው «ኤሌክትሮድ ኔጋቲቭ» እና «ኤሌክትሮድ ፖዚቲቭ» ወደሚለው ዞረዋል። እኛም «ኤሌክትሮድ በአሉታዊ» እና «ኤሌክትሮድ በአዎንታዊ» ብንል ልማድ ቢለያይም ትርጉሙ አይለያይም።

5. «ኢነርት»

ከአራቱ እጅግ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ነው። አርጎን እ.ኤ.አ. በ1894 በሬይሊና በራምዜ ሲገኝ ስሙ የተወሰደው ሥራ ፈት ወይም ሰነፍ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነበር፤ ከሌላ ነገር ጋር አልዋሐድ ብሏቸው ነበርና። ከዚህ ተነሥቶ «ሰነፍ ጋዝ» ወይም «ሥራ ፈት ጋዝ» ማለት ለታሪኩ ታማኝ ነው፤ ለሠራተኛው ግን ፌዝ ይመስላል። ከዚህ የከፋው «ጉዳት የሌለው ጋዝ» የሚለው ትርጉም ነው።

ይህ ትርጉም ሰው ሊገድል ይችላል። አርጎን መርዝ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከአየር በ1.4 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ በጠባብና በተዘጋ ክፍል ከወለሉ ጀምሮ እየተጠራቀመ ኦክሲጅኑን ያስለቅቃል። በአየር ውስጥ 21 በመቶ የሚሆነው ኦክሲጅን ከ19.5 በመቶ ሲወርድ በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ እንደ ጉድለት ይቈጠራል፤ በጣም ሲያንስ ሰው ራሱን ይስታል። አርጎን ሽታም ቀለምም የለውም። የመታፈን ስሜት የሚሰጠንም በዋናነት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት እንጂ የኦክሲጅን ማነስ ስላልሆነ፣ ሰውየው ትንፋሽ አጠረኝ ሳይል ሊወድቅ ይችላል። «ጉዳት የሌለው» ብሎ ያነበበ ሰው በርና መስኮቱን ዘግቶ ቢሠራ፣ ነፋስ ጋዙን እንዳይበትንበት ብሎም ቢሆን፣ ቃሉን አምኖ ነው።

የኬሚስትሪ መማሪያዎቻችን «ውሑድ» እና «ውሕደት» የሚሉትን ቃላት አስለምደዋል። ከዚያው ሥር «የማይዋሐድ ጋዝ» የሚለው ይገኛል። ይህ ቃል ጋዙ በጋለው ብረትና በተንግስተኑ ላይ ምን እንደማያደርግ ይናገራል፤ ስለ ሰው ደኅንነት ግን ምንም ዋስትና አይሰጥም። ደግሞም ሌላ ጥቅም አለው። ለሌላ የብየዳ ዘዴ የሚሸጠውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም የሁለቱን ቅልቅል ለቲግ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ቃሉ ራሱ ይከለክለዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአርክ ሙቀት ኦክሲጅኑን ለቆ ተንግስተኑን ያቃጥላልና። የጋዙ ፍሰት በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ሊትር ይበቃል፤ አርኩ ከጠፋ በኋላም ለየ10 አምፔሩ አንድ ሴኮንድ ያህል ቶርቹን ሳያነሡ ጋዙን ማፍሰስ ይገባል።

6. «ግራውንድ»

ብዙ የእንግሊዝኛ ማኑዋሎች ሥራውን ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኘውን መቆንጠጫ «ግራውንድ ክላምፕ» ይሉታል። ይህን «የመሬት መቆንጠጫ» ብሎ መተርጐም ቃሉን ጠብቆ ነገሩን መጣል ነው። መቆንጠጫው የአርኩን ጅረት ወደ ምንጩ የሚመልስ የዑደቱ አካል ነው። የመሣሪያውን አካል ከመሬት ጋር አገናኝቶ ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚጠብቀው በመሰኪያው ውስጥ ያለው ሌላ ሽቦ ነው። «መሬቱን ቆንጥጫለሁ» ብሎ የተማመነ ሰው ይህን ሽቦ ቢቆርጠው ወይም ሁለት እግር ባለው መሰኪያ ቢሠራ የሚያስገርም አይሆንም። «መላሽ ገመድ» እና «የሥራ መቆንጠጫ» የሚሉት ይህን መደናገር ያስቀራሉ፤ «መሬት» የሚለው ቃልም ለደኅንነቱ ሽቦ ብቻ ይጠበቅ።

7. ማጠቃለያና የቀረቡ ቃላት

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ አራቱም ቃላት በምንጭ ቋንቋቸው ራሳቸው እንከን ያለባቸው ወይም በልማድ የተድበሰበሱ ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ለማጅ እንከኑን ከአለቃው እየሰማ ያርማል። ተርጓሚው ግን እንከኑን ጭምር የመተርጐም ግዴታ የለበትም፤ ይልቁንም ዕቃውን ዐይቶ፣ ሠራተኛውን ጠይቆ፣ ቃሉን ከሥራው ሊያወጣው ይገባል። ቶርች፣ አርክ፣ ኢንቨርተርና ተንግስተን እንዳሉ ቢቀመጡ ግን ጉዳት የላቸውም፤ ማንንም አያሳስቱምና።

ለውይይት የምናቀርባቸው ቃላት የሚከተሉት ናቸው፦

አላቂ ኤሌክትሮድ — እየቀለጠ መጋጠሚያውን የሚሞላ ዘንግ።

ቋሚ ኤሌክትሮድ — አርክ የሚነሣበት፣ መጋጠሚያውን የማይሞላ የተንግስተን ዘንግ።

ኤሌክትሮድ በአሉታዊ፣ ኤሌክትሮድ በአዎንታዊ — ኤሌክትሮዱ የተገናኘበትን ዋልታ በስሙ የሚጠራ አነጋገር።

የማይዋሐድ ጋዝ — ከጋለ ብረት ጋር ውሕደት የማይፈጥር መከላከያ ጋዝ፤ በተዘጋ ቦታ ሰውን የሚያፍን።

መላሽ ገመድ፣ የሥራ መቆንጠጫ — የአርኩን ጅረት ከሥራው ወደ ምንጩ የሚመልስ።

አምፔር ጠባቂ ምንጭ — የአርኩ ርዝመት ቢለዋወጥ አምፔሩን ብዙ የማይለውጥ የኃይል ምንጭ።

ለቲግ ማዋል — የኃይል ምንጩን ሳይነኩ ቶርችና ጋዝ በመጨመር መሣሪያውን በሁለተኛ ሥራ ማሠራት።

በ«የማይዋሐድ ጋዝ» ፍቺ ውስጥ «ሰውን የሚያፍን» የሚለውን ያስገባነው ሆን ብለን ነው። የመዝገበ ቃላት ፍቺ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ አይሸከምም። ይሁን እንጂ ይህን ቃል የሚፈልገው ሰው ሲሊንደሩ አጠገቡ ሊሆን እንደሚችል የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ማሰብ ይኖርበታል።