ከላይ የጣልነውን ከታች እንጠጣዋለን

ገና ጎሕ ሳይቀድ በነፋስ ስልክ ላፍቶ መንደሮች የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ። ይኸውም የባዶ ጀሪካን ድምፅ ነው። በመካኒሳም ሆነ በሀና ማርያም፣ በጎፋም ሆነ በጀሞ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች፣ የውሃ ፈረቃ ቀን ሲደርስ እናት ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፤ ወደ ፋብሪካ የሚገሰግሰው ሠራተኛ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት በርሜሉን ይሞላል፤ ተማሪው ደብተሩን ከመያዙ በፊት ጀሪካን ይሸከማል። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተነፍሳል፤ ቀጥሎ ጥቂት ቡናማ ውሃ ይተፋል፤ ከዚያም ይጠራል። በጠራ ጊዜም ሁላችንም «እፎይ» ብለን እንቀዳለን።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚነሣው ከዚህች እፎይታ ነው። ውሃ ስለምን በቂ አልሆነም የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የተነሣ፣ ወደፊትም ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ከእርሱ ያላነሰ ክብደት ያለው ሌላ ጥያቄ አለ። የቀዳነው ውሃ ንጹሕ ነውን? ንጹሕ መሆኑንስ በምን እናውቃለን? ጥማት ወዲያው ስለሚሰማ የመጠኑ ጥያቄ በየደጁ ይጮኻል፤ በሽታ ግን ዘግይቶ ስለሚደርስ የንጽሕናው ጥያቄ ዝም ይላል። አበው «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» ሲሉ የተናገሩት ስለ ሙላት ቢሆንም፣ አባባሉ በብርጭቆ ውስጥ ላለውም ውሃ ይሠራል።

ውሃችን ከየት ይመጣል?

አንድን ችግር ለመፍታት አስቀድሞ ምንጩን ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ለብዙ ዘመን የኖረችው ከእንጦጦ ሥር በሚፈልቁ ምንጮች ነበር። በ1930ዎቹ የገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የድሬ ግድብ ተሠሩ። እነዚህ የገጸ ምድር ውሃዎች ናቸው። የግድብ ውሃ ደለልና ጀርም ስለሚይዝ በማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ጭቃው እንዲረጋ ይደረጋል፤ በአሸዋ ይጣራል፤ በመጨረሻም ክሎሪን ይጨመርበታል።

የከተማው ሕዝብ እየበዛ ሲሄድ ግን ግድቦቹ ብቻ አልበቁም። ስለሆነም ከ1990ዎቹ ጀምሮ በከተማው ደቡብ ጫፍ በአቃቂ ሜዳ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ እየተገፋ መሠራጨት ጀመረ። የደቡብ አዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣው አብዛኛው ውሃ ከዚህ ወገን የሚመጣ ነው። ይህ ውሃ በእሳተ ገሞራ ዓለት ስንጥቆችና ቀዳዳዎች ውስጥ ተጣርቶ ስለሚያልፍ እንደ ግድብ ውሃ ደለል የለበትም። በዚህም ምክንያት የሚደረግለት ዋና እንክብካቤ ክሎሪን መጨመር ነው። በማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሆኖ የሚጋገረው ውሃው ከዓለቱ ሟሙቶ ያመጣው ካልሲየም ሲሆን፣ እርሱ በራሱ ጤና የሚነሣ አይደለም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ታላቅ ነገር የመሬቱ አቀማመጥ ነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ይበልጣል። የአቃቂ ሜዳ ግን ከእርሱ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ አለች። ወንዙ ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደሚወርድ ሁሉ የከርሰ ምድሩም ውሃ በአመዛኙ ወደዚያው አቅጣጫ ይጓዛል። እንግዲህ በከፍታው ላይ የሚፈሰው ሁሉ ወደ ዝቅታው ያዘነብላል፤ ውሃ የምንቀዳውም ከዝቅታው ነው። ከላይ የጣልነውን ከታች እንጠጣዋለን ማለታችን ስለዚህ ነው።

የምንጥለው ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ከፍሳሽ መስመር ጋር የተያያዘው ቤት ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ሕዝብ የሚገለገለው በጉድጓድ መጸዳጃ ነው። የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ ለብዙ ዓመታት በቀን ያጣራ የነበረው ከ8 ሺህ ሜትር ኩብ ያነሰ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ተስፋፍቶ 100 ሺህ ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም ማግኘቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ማጣሪያው ሊያጣራ የሚችለው መስመሩ የሚያደርስለትን ብቻ ነው። መስመር ያልደረሰበት ሠፈር ፍሳሽ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ አለዚያም በቦይ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

በክፍለ ከተማችን መሐል የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ወንዝ የዚህ ሁሉ ምስክር ነው። ቆዳ የሚያለፋ፣ ጨርቅ የሚያቀልም፣ ከብት የሚያርድ፣ መኪና የሚያጥብ ሥራ ሁሉ ዝቃጩን ወደ እርሱ ሲልክ ኖሯል። ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም፣ ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣው እርሳስ ወደዚሁ ወንዝ ይገባል። በወንዙ ዳር በሚለሙት ጎመንና ሰላጣ ላይ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተካሄዱ ጥናቶች እንደነዚህ ያሉትን ብረቶች አግኝተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ሊቃውንትም በከተማው ውስጥ ባሉ ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶችና ምንጮች ናይትሬት የተባለው ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ መገኘቱን ደጋግመው አስታውቀዋል። ናይትሬት በከተማ ውሃ ውስጥ ሲበዛ መጸዳጃው ከውሃው ጋር መገናኘቱን የሚያመለክት ምልክት ነው።

ጥልቅ ጉድጓዶች ከእነዚህ የተሻለ መከላከያ አላቸው። ከላያቸው ያለው የአፈርና የዓለት ንብርብር ብዙውን ቆሻሻ ያዘገየዋል። ማዘግየት ግን ማስቀረት አይደለም። ወንዝ ቢቆሽሽ ፍሳሹን አቁሞ በጥቂት ዓመታት እንዲጠራ ማድረግ ይቻላል፤ የከርሰ ምድር ውሃ አንድ ጊዜ ከተበከለ ግን ወደ ንጽሕናው የሚመለሰው በትውልድ ዕድሜ ነው። ዛሬ በግዴለሽነት የምንደፋውን የሚከፍሉት ገና ያልተወለዱ ልጆች ናቸው።

መጥራት ማስረጃ አይደለም

አንዳንድ ወገኖች «ውሃው ይኸው ኩል መስሎ እየታየ ምን ትጠራጠራላችሁ?» ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ለመረዳት ሁለት ታሪኮችን መመልከት ይበቃል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1854 በለንደን ከተማ በአንድ ሠፈር ውስጥ ኮሌራ ገብቶ ከ600 የሚበልጡ ሰዎችን ፈጀ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሟቾቹን ቤት አንድ በአንድ በካርታ ላይ እያሰፈረ በሽታው በብሮድ ጎዳና የውሃ ፓምፕ ዙሪያ መከማቸቱን አሳየ። የፓምፑም እጀታ እንዲነቀል አደረገ። የዚያ ጉድጓድ ውሃ በአካባቢው ሰዎች ዘንድ በጥሩነቱ የተወደደ ነበር። በኋላ ሲመረመር ግን ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ርቀት የመጸዳጃ ጉድጓድ ተገኘ።

ሁለተኛው ታሪክ የገዛ አገራችን ነው። በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ መንደሮች ይኖሩ የነበሩ ሠራተኞች ለዓመታት ከከርሰ ምድር የወጣ ውሃ ጠጡ። ውሃው የጠራ ነበር፤ ጀርምም አልነበረም የገደላቸው። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ ዓለት ውስጥ የሚገኘው ፍሎራይድ ከመጠን በላይ ነበረበት። የልጆቹ ጥርስ በለዘ፤ ብዙ ዘመን ያገለገሉት ሠራተኞች አከርካሪ ደረቀ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ፣ ጀርባቸው አልቃና አለ። በ1960ዎቹ ሐኪሞች ይህ የአጥንት ፍሎሮሲስ መሆኑን ሲገልጹ ጉዳቱ ከብዙዎች አጥንት ገብቶ ነበር። ሸንኮራ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ቀና ብሎ መሄድ ያቃተው ከድካም ብቻ ሳይሆን ከሚጠጣው ውሃ ጭምር ነበር ማለት ነው።

ከሁለቱ ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ዓይንና ምላስ የውሃ ዳኞች ሊሆኑ አይችሉም፤ ዳኛው ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ ኢኮላይ የተባለው የዓይነ ምድር ጀርም ጨርሶ እንዳይገኝ ይጠይቃል። በአንድ ሊትር ውስጥ ናይትሬት ከ50 ሚሊግራም፣ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥም ይወስናል። በቧንቧው ጫፍ ላይ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን መቅረት አለበት። ይህ ትንሽ የክሎሪን ሽታ ብዙዎቻችን የምንሸሸው ቢሆንም፣ ዘበኛው ገና በሥራ ላይ መሆኑን የሚነግረን እርሱ ነው።

ጉዳቱ በመንገድ ላይ

ውሃው ከጉድጓዱ ንጹሕ ሆኖ ቢነሣም ከቤታችን እስኪደርስ ብዙ መንገድ ይጠብቀዋል። ቧንቧ ሞልቶ ሲሄድ ግፊቱ ወደ ውጭ ስለሆነ ስንጥቅ ቢኖርበት እንኳ ውሃ ያፈሳል እንጂ ቆሻሻ አያስገባም። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም፣ ወይም በፈረቃ ምክንያት መስመሩ ሲዘጋ ግን ግፊቱ ይወድቃል። ያን ጊዜ ባዶው ቧንቧ ራሱ መሳብ ይጀምራል፤ በስንጥቁም በኩል ከጎኑ ያለውን የቦይ ፍሳሽ ያስገባል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ ውሃ የዝገት ብቻ ላይሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በመስመሩ ላይ በቀጥታ መሳቢያ ሞተር የሚያስር ሰው የጎረቤቱን ድርሻ መውሰዱ ብቻ ሳይሆን ይህንኑ መሳብ ያባብሳል።

ከዚያ ቀጥሎ ሮቶው፣ በርሜሉና ጀሪካኑ አሉ። ለቀናት የቆመ ውሃ ክሎሪኑን ያጣል። ክዳን የሌለው በርሜል፣ በእጅ የሚጠለቅ ኩባያ፣ ታጥቦ የማያውቅ ማጠራቀሚያ ባለሙያው የደከመበትን ሁሉ በአንድ ቀን ያፈርሱታል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አተት በአዲስ አበባ በተነሣ ጊዜ ከተማው የተማረው ይህንኑ ነው። የውሃና የመጸዳጃ ድንበር በተደፈረበት ቦታ ሁሉ በሽታ ደጃፍ ያገኛል።

ምን እናድርግ?

በዚህ ጉዳይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ሲንጸባረቁ እናያለን። አንደኛው «ይህ የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚል ነው። ሁለተኛው «እኔ የታሸገ ውሃ እገዛለሁ፤ ሌላው የራሱን ይወቅ» የሚል ነው። የመጀመሪያው ኃላፊነትን ያሸሻል፤ ሁለተኛው ኅብረተሰቡን ይከፍላል። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ለቤተሰቡ እህል የሚሸምት ወዛደር ለሚጠጣው፣ ለሚያበስልበትና ሕፃን ለሚያጥብበት ሁሉ የታሸገ ውሃ ሊገዛ አይችልም። የእርሱ ዋስትና የጋራው ቧንቧ ነው። የጋራው ቧንቧ ንጽሕና ደግሞ በጋራ ካልሆነ አይጠበቅም።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችለው የታወቀ ነው። የመጠጥ ዕቃ ክዳንና ጠባብ አፍ ይኑረው፤ ዘወትር ይታጠብ፤ ሲቀዳ በማዘንበል ወይም በቡሽኬት እንጂ በማጥለቅ አይሁን። አጠራጣሪ ውሃ ይፍላ። በከተማችን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሊቆይ ይገባል። ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለው ማከሚያ በመመሪያው መጠን ይጨመርበትና 30 ደቂቃ ይጠበቅ። ነገር ግን ማፍላትም ሆነ ክሎሪን የሚገድለው ጀርምን ብቻ ነው። ናይትሬትን፣ ፍሎራይድንና የብረት መርዝን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃ ሲፈላ በትነት ስለሚቀንስ ናይትሬቱ ይበልጥ ይጠነክራል። ስለዚህ የግቢ ጉድጓድ ያለው ሰው፣ በተለይ ጡጦ የሚጠባ ሕፃን ካለው፣ ሳያስመረምር አይጠጣ። ጉድጓዱም ከመጸዳጃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

የቤቱ ሥራ ግን የሰፈሩን ሥራ አይተካም። የዕድርና የነዋሪ ማኅበራት፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ኮሚቴዎች ስለ መዋጮና ስለ ጥበቃ እንደሚነጋገሩት ሁሉ ስለ ውሃቸው ይነጋገሩ። የሕንፃው ማጠራቀሚያ መቼ እንደታጠበ የሚመዘገብበት ደብተር ይኑር። ቧንቧ የሚፈስበትና ከቦይ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተለይቶ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ያቀረበውም ሰው፣ የቀረበበትም ቀን ይታወቅ። የተቅማጥ ሕመም በአንድ መንደር ሲበዛ ከየትኛው መስመር የሚጠጡት እንደታመሙ ይጣራ። ጆን ስኖው ያደረገው ከዚህ የተለየ ነገር አልነበረም። የፋብሪካ ሠራተኛም ልዩ ድርሻ አለው። በፋብሪካው ጓሮ የሚወጣው ቱቦ ወዴት እንደሚፈስ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ያ ቱቦ ወደ ልጁ ብርጭቆ የሚመለስ መሆኑንም ማወቅ ይገባዋል።

የመሥሪያ ቤቶቹም ግዴታ በግልጽ ሊጠየቅ ይገባል። ስለ አካባቢ ብክለት ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 300/1995 ፍሳሽን ሳያጣሩ መልቀቅን ያስጠይቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ደንግጓል። ሕግ በወረቀት ላይ ሲሠፍር የሥራው መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። የውሃ ምርመራ ውጤት በየወረዳው፣ ሕዝብ በሚያነበው ቦታና ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ይለጠፍ። የጉድጓዶች ዙሪያ ከግንባታና ከዝቃጭ ይጠበቅ። አሮጌው ቧንቧ ተራው ሳይዘገይ ይለወጥ። እነዚህ የልመና ቃላት አይደሉም፤ የውሃ ሂሳቡን በየወሩ የሚከፍል ሕዝብ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው።

ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። በዓይን የማይታየውን መልእክት ለማንበብ መሣሪያውና ባለሙያው አስፈልገው ነበር። ዛሬ ከእንጦጦ ሥር እስከ አቃቂ ሜዳ በከርሰ ምድር የሚጓዘው ውሃም በዓይን የማይታይ መልእክት ይዞ ይመጣል። የላይኛው ሰፈር ለታችኛው፣ የትናንቱ ትውልድ ለነገው የላከው መልእክት ነው። በሚቀጥለው የፈረቃ ቀን ቧንቧው ተንፍሶ፣ ተፍቶ፣ ጠርቶ ጀሪካናችንን ስንደቅን፣ «መጣ» ብለን ብቻ አንለፍ፤ «ምን ይዞ መጣ?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄውንም አንድ ሰው ብቻውን ሳይሆን መላው ሰፈር በአንድ ድምፅ ያንሣው።