የበጎች ዝርዝር የእንስሳት ዝርዝር ነውን? ኮቫሪያንስና የዓይነት ደኅንነት በጄኔሪክ ፕሮግራሚንግ

«በግ» የ«እንስሳ» ንዑስ ዓይነት ከሆነ፣ እንስሳ በሚጠበቅበት ስፍራ ሁሉ በግን ማቅረብ ይቻላል። ከዚህ ተነሥቶ የበጎች ዝርዝርም የእንስሳት ዝርዝር ንዑስ ዓይነት ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ዝምድናው አቅጣጫውን ሳይለውጥ ከአባሉ ወደ መያዣው መተላለፉ ኮቫሪያንስ ይባላል። ድምዳሜው የሚያስኬደው ግን ዝርዝሩ የሚነበብ ብቻ ሲሆን ነው። አንድ ፈንክሽን የበጎቹን ዝርዝር በእንስሳት ዝርዝርነት ተቀብሎ ፍየል ቢጨምርበት፣ በኋላ በግ አገኛለሁ ብሎ የሚያነብ የፕሮግራሙ ክፍል ፍየል ይገጥመዋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ጃቫ ይህን ክፍተት በአሬይ ላይ ተቀብሎት ነበር። ቋንቋው ያኔ ጄኔሪክ ስላልነበረው፣ የማናቸውንም ነገሮች አሬይ በቅደም ተከተል የሚያሰልፍ አንድ ፈንክሽን ለመጻፍ የበጎች አሬይ እንደ «ኦብጀክት» አሬይ መታየት ነበረበት። ዋጋው የተከፈለው በአፈጻጸም ጊዜ ነው፤ ወደ አሬዩ የሚጻፈው ነገር ዓይነቱ ይፈተሻል፣ ካልተስማማም «አሬይስቶርኤክሴፕሽን» የተባለው ስሕተት ይነሣል። ሲ ሻርፕም ይህንኑ አሠራር ወርሷል።

በ2004 ጃቫ 5 ጄኔሪክን ሲያስገባ መንገዱ ተዘጋ፤ የበጎች ዝርዝርና የእንስሳት ዝርዝር የማይዛመዱ ዓይነቶች ሆኑ። ምክንያቱ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ኮምፓይለሩ የዝርዝሩን የአባል ዓይነት ስለሚሰርዘው፣ በአፈጻጸም ጊዜ እንደ አሬይ ያለ ፍተሻ ለማድረግ የሚያስችል መረጃ አይቀርም። የጠፋውን ልልነት የሚመልሱት ዋይልድካርዶች ናቸው። «ኤክስቴንድስ እንስሳ» የተባለ ዝርዝር ይነበባል፣ ከ«ነል» በቀር ግን ምንም አይጨመርበትም፤ «ሱፐር በግ» የተባለው ደግሞ በግ ይቀበላል፣ ሲነበብ ግን የሚሰጠው «ኦብጀክት»ን ብቻ ነው። በዚህ በኋለኛው ዝምድናው ይገለበጣል፤ ማናቸውንም እንስሳት የሚያወዳድር ነገር በጎችንም ማወዳደር ስለሚችል፣ የእንስሳት አወዳዳሪ ለበጎች አወዳዳሪ ምትክ ይሆናል። ይህ ኮንትራቫሪያንስ ነው።

በ2010 ሲ ሻርፕ 4 ምርጫውን ከተጠቃሚው ወደ ኢንተርፌስ ደራሲው አዛወረ፤ የሚወጣ ዓይነት «አውት»፣ የሚገባ ዓይነት «ኢን» ተብሎ አንድ ጊዜ ይታወጃል። ለንባብ ይህኛው የተሻለ ነው፤ የጃቫ ዋይልድካርድ በየፈንክሽኑ ፊርማ ላይ እየተደጋገመ ያደክማል። ሆኖም ዓይነቱን የሚያስገባም የሚያወጣም ኢንተርፌስ ሁለቱንም ምልክት ሊይዝ አይችልም።

ዋይልድካርዱም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አልሆነም። ናዳ አሚንና ሮስ ቴት በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በጽሑፉ ውስጥ አንድም የዓይነት ቅየራ የሌለበት የጃቫ ፕሮግራም በአፈጻጸም ጊዜ የዓይነት ስሕተት ሊያስነሣ እንደሚችል አሳይተዋል። መግቢያው «ነል» ነው፤ በእውን ሊኖር የማይችል የዓይነት ዝምድና እንዳለ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፣ ኮምፓይለሩም ያምነዋል።