የወገብ መርፌ፦ ከመወጋታችን በፊት ምን እንናገር?



አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ለወገብ መርፌ ቶር ተይዞላቸው አብሬያቸው ሄጄ ነበር። የሚያስተረጉምላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ነርሷ «ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ልጁ አያቱን ሳይጠይቅ «የለም» ብሎ በዕብራይስጥ መለሰ። እኔ ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ለልብዎ የሚውጡት ኪኒን አለ?» አልኳቸው። ከቦርሳቸው ኩማዲን አወጡ። በዚያ ቀን መርፌው ቀረ። እሳቸውም «ለወገቤ መጥቼ ስለ ልቤ ምን ብዬ ላውራ?» አሉኝ። ልጁ አልዋሸም፤ አያቱ የሚውጡትን አያውቅም ነበር። ነገር ግን ያ አንድ ቃል በአከርካሪያቸው ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችል ነበር።

መርፌው ምንድን ነው? ለማን ይጠቅማል?

በወገባችን አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግሉ ዲስኮች አሉ። ዲስክ ከቦታው ሲወጣ፣ ወይም በእድሜ ምክንያት የነርቩ መተላለፊያ ሲጠብ፣ ነርቩ ይቆጣል። ሕመሙም ከወገብ ተነሥቶ በቂጥና በባት በኩል እስከ እግር ይወርዳል። ሐኪሙ ስቴሮይድ የሚባል እብጠትን የሚቀንስ መድኃኒት፣ ብዙውን ጊዜ ከማደንዘዣ ጋር፣ በነርቩ አጠገብ ይወጋል። መርፌው የበለጠ የሚረዳው ወደ እግር ለሚወርድ ሕመም ነው። ሕመሙ ወገብ ላይ ብቻ ከሆነ ጥቅሙ ያንሳል።

ብዙ ሽማግሌዎቻችን «መቅኔ ይቀዳሉ፣ ሰውም ሽባ ይሆናል» ብለው ይፈራሉ። በዚህ መርፌ የሚቀዳ ነገር የለም። መድኃኒቱ የሚገባው የነርቮቹን ሽፋን አልፎ ሳይሆን ከሽፋኑ ውጭ ነው። ሐኪሙም አብዛኛውን ጊዜ በራጅ እያየ ይወጋል። ቢሆንም ጉዳት ፈጽሞ የለውም አንልም። አልፎ አልፎ ብርቱ ራስ ምታት፣ እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ ደግሞ የደም መፍሰስ፣ ቁስለት ወይም የነርቭ ጉዳት ይደርሳል። ከመርፌው በፊት ብዙ ጥያቄ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ባይጠየቁም እንኳ የሚናገሯቸው

1. ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፦ ኩማዲን፣ ኤሊኩዊስ፣ ፕላቪክስ፣ አስፒሪንም ቢሆን ይናገሩ። በራስዎ ግን አያቋርጡ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቆም የልብ ወይም የአንጎል አደጋ ሊያመጣ ይችላል። መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚጀመር ሐኪሙ ይወስን።

2. የስኳር በሽታ፦ ስቴሮይድ ስኳርን ለጥቂት ቀናት ከፍ ያደርጋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ይጠይቅ።

3. ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት፦ የወገብ ሕመም ሁሉ ከዲስክ አይመጣም። የአከርካሪ አጥንት ቲቢም ወገብን ያማል። እንዲህ ያለ ምልክት ያለው ሰው መርፌ ከመወጋቱ በፊት መመርመር አለበት።

4. የአንጀት ትል፦ ይህ በተለይ እኛን ከኢትዮጵያ የመጣነውን ይመለከታል። ስትሮንጊሎይደስ የሚባል ትል በባዶ እግር ስንሄድ ከአፈር ይገባል፤ ምልክት ሳያሳይም በሰውነት ውስጥ አሥርተ ዓመታት ሊኖር ይችላል። በ1984 ወይም በ1991 የመጣ ሰው እንኳ ዛሬ ሊኖርበት ይችላል። ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያደክም፣ በተለይ መድኃኒቱ ሲደጋገም ትሉ ተባዝቶ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። በደም ምርመራ ሊታወቅ ይችላል፤ በኪኒንም ይታከማል። የቤተሰብ ሐኪምዎን «ከስቴሮይድ በፊት ይህን ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

5. እርግዝና፣ የጉበት ቫይረስ፣ እንዲሁም መድኃኒት ወይም የራጅ ቀለም የማይስማማዎት ከሆነ።

ሳይገባዎት አይፈርሙ

በ1996 የወጣው የእስራኤል የሕመምተኞች መብት ሕግ፣ በሽተኛው ስለ ሕክምናው ተረድቶ ፈቃዱን እንዲሰጥ ያዛል። ዕብራይስጥ የማይገባዎት ከሆነ ቶር ሲይዙ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ወላጆች ሆይ፣ ይህን ሸክም በልጆች ላይ አንጣል። ልጅ ዕብራይስጥ ቢያውቅም የአያቱን በሽታ አያውቅም፤ አያቱም በልጅ ፊት የሚያፍሩበት ነገር አለ።

የመርፌው ቀንና ከዚያ በኋላ

ተዑዳት ዜሁት፣ ጦፌስ 17፣ የኤም አር አይ ወይም የሲቲ ውጤት፣ እንዲሁም የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በከረጢት ይዘው ይሂዱ። መብላትና መጠጣት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። መወጋቱ ራሱ ብዙ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ተኝተው ይታያሉ። እግር ለጥቂት ሰዓት ሊደነዝዝ ስለሚችል መኪና አይንዱ፤ ወደ ቤት የሚያደርስዎ ሰው ይኑር። ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ ቢመለስ አይደንግጡ፤ ስቴሮይዱ ሥራውን የሚጀምረው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ለጥቂት ቀን ፊት ሊቀላ፣ እንቅልፍም ሊጠፋ ይችላል።

ሳይዘገዩ ወደ ሚዩን የሚሄዱት መቼ ነው?

- ሽንት እምቢ ሲል፣ ወይም ሽንትና ሰገራ ሲያመልጥ
- በሁለቱ ጭኖች መካከል ሲደነዝዝ
- እግር እየደከመ ሲሄድ
- ትኩሳት ሲመጣ፣ ወይም የወገቡ ሕመም ከበፊቱ ሲብስ

ቆሞ መሄድ ካልተቻለ 101 ይደውሉ። ሽንትን ማውራት አያሳፍርም፤ ሰዓታት ማለፋቸው እግርን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል።

መርፌው ብቻውን አያድንም

መርፌው የወጣውን ዲስክ አይመልስም። የሚሰጠው ፋታ ነው፤ ለአንዳንዱ ጥቂት ሳምንት፣ ለአንዳንዱ ጥቂት ወራት፤ የማይረዳውም ሰው አለ። ስለዚህ ሕመሙ ቀለል ሲል መተኛት ሳይሆን መራመድ፣ ፊዚዮቴራፒያ የሚሰጠውንም እንቅስቃሴ በየቀኑ መሥራት ያስፈልጋል። በየጊዜው እየተመላለሱ መወጋትም አይመከርም፤ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚቻል ሐኪሙ ይነግርዎታል።

እኚያ እናት ከልብ ሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው፣ ቀኑ ተለውጦ በሰላም ተወጉ። ዛሬ እስከ ሱቅ ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይሉ የለ? እንግዲህ ለወገብ ስንሄድ ስለ ልባችንም፣ ስለ ስኳራችንም፣ ስለ ሆዳችንም እንናገር።

ጤና ይስጥልን።