ሞት ሳይቀድመን ቅሬው ይጠራ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በወሎ አንድ ሰው ሲሞት ለቅሶው የቤተ ሰቡ ብቻ አይደለም። በደሴ በየሰፈሩ፥ ሐረጎን ወርደንም በኮምቦልቻ የምናገኘው ቅሬ፥ ጎረቤቱን ሁሉ አሰባስቦ ድንኳን ይተክላል፥ አስከሬኑን ይሸኛል፥ ኀዘንተኛውን ያጽናናል። ልማዱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ቅሬ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ የምንናገረው፥ ቅሬው ሞት ሳይመጣ አስቀድሞ ሊመክርበት ስለሚገባ አንድ በሽታ ነው፤ ይኸውም ሐኪሞች ሄፓታይተስ የሚሉት፥ በቫይረስ የሚመጣው የጉበት በሽታ ነው።

የዓይን ነጩና የሰውነት ቆዳ ቢጫ ሲሆን በአገራችን የወፍ በሽታ ይባላል፤ የሌሊት ወፍ ያመጣዋል ብለው የሚያምኑም አሉ። ቢጫነቱ ግን ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ያረጁ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢጫ ነገር ይወጣቸዋል፤ ጤነኛ ጉበት ይህን ከሐሞት ጋር አድርጎ ያስወግደዋል። ጉበት ሲታመም ግን ማስወገዱ ስለሚሳነው ቢጫው በደም ውስጥ ይከማቻል። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ምንነቱና መጠኑ ያልታወቀ ሥር መጠጣት፥ የደከመውን ጉበት ጨርሶ ሊጥለው ይችላል።

የቫይረሶቹ ዓይነት አምስት ሲሆን፥ ኤ፥ ቢ፥ ሲ፥ ዲና ኢ ተብለው ይጠራሉ። ኤና ኢ በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ለረጅም ዘመን የሚደበቁት ግን ቢና ሲ ናቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በዚህኛው ግን የሚደበቀው በሽታው ራሱ ነው። ሰውየው ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሥራውን እየሠራ፥ ልጆቹን እያሳደገ ይኖራል፤ በመጨረሻ ጉበቱ ጠጥሮ ሆዱ ውኃ ሲቋጥር፥ ወይም ካንሰር ሲነሣበት ሐኪም ዘንድ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ ሊያደርግለት የሚችለው ጥቂት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ከቢ፥ 50 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ከሲ ቫይረስ ጋር ይኖሩ እንደ ነበር ገምቷል፤ በዚያው ዓመት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ በሽታ ሞተዋል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ተጠቃለው ሲታዩ፥ ከመቶ ሰው በሰባቱ ላይ ያህል የቢ ቫይረስ ተገኝቷል። መቶ አባላት ያሉትን ቅሬ ወይም መቶ ሠራተኞች ያሉትን መሥሪያ ቤት በዚህ ሚዛን ብንመለከት፥ ነገሩ የሩቅ አለመሆኑ ይገባናል።

በተለይ የመንግሥት ሠራተኛው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ሕፃናት የቢን ቫይረስ የሚከላከል ክትባት በመደበኛው የክትባት ሥራ ማግኘት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለደው፥ ማለት ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ የሚሠራው ትውልድ፥ በጕልምስናው ዘመን ራሱ ፈልጎ ካልተከተበ በቀር ክትባቱ የለውም።

ታዲያ ሰው እንዳይመረመር የሚያግደው ምንድን ነው? አንደኛው አለማወቅ፥ ሁለተኛው እፍረት ነው። አንድ ባልደረባችን በሽታው ተገኘበት ሲባል ስኒውን ብንለይበት፥ ከገበታውም ብንሸሽ፥ ሌሎቹ አይተው ምርመራውን ይፈሩታል። የቢና የሲ ቫይረስ ግን አብሮ በመብላት፥ ቡና በአንድ ስኒ በመጠጣት፥ በመጨባበጥም ሆነ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፥ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፥ ይልቁንም ቢ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ስለዚህ ልንፈራው የሚገባው የጋራ ገበታችንን ሳይሆን፥ የጋራውን ምላጭና መርፌ፥ ያልተቀቀለውን የዋግምት፥ የንቅሳትና የእንጥል መቁረጫ ስለት ነው።

በሌላው ዓለም ይህን እፍረት ለመስበር የተነሡት በመጀመሪያ ሕመምተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ማኅበር አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ2008 ለበሽታው አንድ ዓለም አቀፍ ቀን ማክበር ጀመሩ፤ በ2010 የዓለም ጤና ጉባኤ ይህንኑ አጸደቀው። ቀኑም የቢን ቫይረስ ያገኙት ዶክተር ባሩክ ብሉምበርግ የተወለዱበት፥ በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 21 ቀን ሆነ። ግብፅ ቀድሞ ለቢልሃርዚያ ሕክምና በጋራ መርፌ ስትጠቀም የሲ ቫይረስ በሕዝቧ መካከል ተስፋፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ሕዝቧን ለምርመራ ጠርታ፥ በወራት ውስጥ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረመረች፤ ሕመም የተገኘባቸውንም አከመች። የሲ ቫይረስ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወር ክኒን ይድናል።

በአገራችንም ዕውቀቱ አልጠፋም። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ በሽታውን ቀድመው ካጠኑት ሐኪሞች አንዱ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. በ2015 የቢ ቫይረስ ሕክምና ጀምሯል። የቢ መድኃኒት ቫይረሱን ፈጽሞ ባያጠፋውም ገትቶ ይይዘዋል፤ ጉበትንም ከጥፋት ይጠብቃል። የጎደለን ይህን ዕውቀት ከሐኪሞች መጽሔት አውጥቶ ወደ ሰፈር የሚያደርስ ሰው ነው።

ለዚህም ደሴና ኮምቦልቻ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያሻቸውም። የቅሬው ዳኛ በስብሰባው መጨረሻ አምስት ደቂቃ ይስጥ፤ የሰፈሩ ነርስ ወይም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ይናገር። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲደርስ ወሬው ይህ ይሁን። የመሥሪያ ቤት ኀላፊም ራሱ ቀድሞ ይመርመር፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው ሳያፍር ይከተለዋል። ነፍሰ ጡር የሆነች እኅታችን ትመርመር፤ ቫይረሱ ቢገኝባት ለእርሷ መድኃኒት፥ ለሕፃኑም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ክትባት እንዳለ ትወቅ። ነጻ ሆኖ የተገኘ ሰው በሦስት ጊዜ መርፌ ይከተብ።

ቅሬያችን የሞተውን በክብር መሸኘት ያውቅበታል። ሊሞት የማይገባውንም ወደ ሐኪም ቤት መሸኘት ይጀምር።